ደጃችን የቆመው ወዛደር

በጎንደር ከተማ የእኔን ያህል ሐውልት የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። ጠላ ቤትም እንደዚያው። ሐውልት ከሆነ ገና ከሩቅ አይቼ ምን ለማለት እንደቆመ፣ እጁ ወዴት እንደሚያመለክትና ለምን እንደሚያመለክት እነግራችኋለሁ። ጠላ ቤት ከሆነ ደግሞ በሩ ላይ ሳልደርስ ጌሾው በዝቶበት እንደሆነ፣ ደረቆቱ አርሮ እንደሆነ፣ ባለቤቲቱ ከባሏ ጋር ተኳርፋ እንደሆነ ከሽታው አውቃለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራ ማለት የሌለን ነገር አለኝ ማለት ነው፤ እኔ የማወራው ስላለኝ ነው።

ስሜ ስንዱ ነው። ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። ስምንተኛ ላይ እኔና ሒሳብ ተጣላን፤ እሱ ትምህርት ቤት ቀረ፣ እኔ ቤት ገባሁ። እናቴ እቴነሽ ከደባርቅ የሚመጣው መንገድ ከተማውን ሲነካ ካለችው ትንሽ አደባባይ ዳር ጠላ ትሸጣለች። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ጋኖቹ የእሷ ናቸው። እኔ ጌሾ ልገዛ፣ ብቅል ላስፈጭ፣ አተላ ለከብት አድላቢዎች ላደርስ ስል ከተማውን ከላይ እስከ ታች ስዞር ነው ያደግሁት። ሰው የሚዞርበትን ነገር ያውቃል።

ለምሳሌ አንድ ደብር ግቢ ውስጥ ጠመንጃ የያዘ የድንጋይ ፊታውራሪ አለ። አፍንጫውን ልጆች በወንጭፍ አውርደውታል። ከእሱ ፊት ለፊት ያለው ጠላ ቤት ቅራሪውን ጠላ ነው ብሎ ስለሚሸጥ፣ ፊታውራሪው አፍንጫ ባይኖረው ይሻለዋል እላለሁ። ወረድ ሲሉ ደግሞ ውኃ ከነጠፈበት የጣሊያን ገንዳ ላይ አንድ የሲሚንቶ አንበሳ ተጋድሟል። ሊያገሳ አፉን የከፈተ ነው ይሉታል፤ እኔ ሳየው የሚያዛጋ በግ ነው። ከጀርባው ያለችው የብርቄ ጠጅ ግን እውነትም ታገሳለች። እንግዲህ ሌላው ሰው ከተማውን በቀበሌ ቁጥር ሲያውቀው እኔ የማውቀው በሐውልትና በመጠጥ ነው፤ ጠፍቼም አላውቅ።

የጠላ ቤት ምልክት ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግን ይህን አንዱ የሩቅ ሰው ያነበው እንደሆነ ብዬ ልናገር። አጥሩ ላይ ረጅም እንጨት ይቆማል፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል። ጣሳው ከተሰቀለ ጠላው ደርሷል። ከወረደ ወይ አልደረሰም፣ ወይ አልቋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮሶዬ ገብሱን በአህያ ጭኖ ለገበያ የሚወርደው ገበሬ ጠላ አለ ወይ ብሎ ሰው አይጠይቅም። ቀና ይላል። ጣሳ ካየ አህያውን ያስራል፤ ካላየ ያልፋል። የእኛ ጣሳ ጠርዟ የተጨረመተ ነበረች፤ እኔ ነኝ ድንጋይ ላይ የጣልኋት። የኮሶዬ ሰዎች «ባለ ጭርምቷ ጣሳ» ይሉን ነበር።

መሠረተ ትምህርት በተጧጧፈበት ጊዜ ነው እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው። ያን ጊዜ ቀበሌ ሁሉ አንድ ነገር ሳይገነባ እንቅልፍ አይወስደውም። ጎረቤታችን ያለው ቀበሌ የተጨበጠ እጅ አሠርቶ ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩት ድንች ይመስላል። የእኛ ሊቀመንበር ጓድ አላምረው ግን በድንቹም ቢሆን ቀና። ጓድ አላምረው ድሮ አቡጀዴ ነጋዴ ነበር። ንግድ ከተወ ወዲህ ንግግርን እንደ አቡጀዴ ይተረትራል፤ በክንድ እየለካ፣ ደንበኛው በቃኝ እስኪል። ልዩነቱ፣ አሁን በቃኝ ማለት አይቻልም።

«እኛ ወዛደር እናቆማለን» አለ። «ሙሉ ሰው። የዕውቀትን ችቦ ወደ ላይ ያነሳ።»

ወዛደሩን የሚሠራ ሰው ሲፈለግ ከተገኙት ሁሉ የሚሻለው ጋሽ አስማረ ሆነ። ጋሽ አስማረ ዕድሜውን በሙሉ የመቃብር ሐውልት ሲሠራ የኖረ ነው። ከመልአክ ሌላ ፊት ሠርቶ አያውቅም። ስለዚህ ወዛደሩ ሲወጣ መልአክ ሆኖ ወጣ። ክንፉን ነሥቶ ቱታ አለበሰው እንጂ ዓይኑ ትልልቅ፣ ፀጉሩ ክብ ክብ፣ አንገቱ ዘንበል ያለ፣ ሁሉ ነገሩ የመልአክ ነው። ገና እግሩ ሳይደርቅ አሮጊቶች ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እሱንም እየተሳለሙ ማለፍ ጀመሩ። ጓድ አላምረው ይህን ሲያይ ዘበኛ አቆመበት። ዘበኛው ራሱ ማለዳ ማለዳ ሲሳለም አይቼዋለሁ።

የቆመውም የት መሰላችሁ? የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ። አዳራሹ ደግሞ ከእኛ ቤት ማዶ ነው፤ አደባባዩን መሻገር ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጓድ አላምረው ደጃችን መጣና ቀና ብሎ ጣሳችንን አየ።

«ጓድ እቴነሽ፣ ይኸ ጣሳ ይውረድ።»

«ምነው፣ ጣሳው ምን አደረገ?» አለች እማየ። ገብስ እየለቀመች ነበር፤ ከሰፌዱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«ሐውልቱ ፊት ለፊት ነዋ። ወዲያ ወዛደሩ ችቦ ሲያነሳ ወዲህ አንች ጣሳ ታነሻለሽ። ሰው የቱን ይመልከት?»

«የጨለመበት ችቦውን፣ የጠማው ጣሳውን።»

«ቀልዱን ተይው። መጠጥ አትሽጭ አላልንሽም፤ ምልክቱን ነው ያልንሽ። ሕዝብ በንቃት እንጂ በጣሳ አይሰበሰብም።»

«ጣሳው ከወረደ ገበሬው ጠላው አልደረሰም ብሎ ያልፋል፣ አያ አላምረው።»

«ጓድ።»

«ጓድ አላምረው። ያልፋል።»

«ጽፈሽ ለጥፊ። ጠላ አለ ብለሽ። ሰዉ ፊደል እየቆጠረ አይደል እንዴ? ይኸችው ልጅሽ ትጻፍልሽ።»

ጻፍሁላት። በትልቅ ካርቶን ላይ፣ በሚያምር ጽሕፈቴ፣ «ጠላ አለ» ብዬ በሩ ላይ ለጠፍሁ። ቅዳሜ ሆነ። ገበሬዎቹ ከነአህዮቻቸው መጡ፣ ቀና አሉ፣ ባዶ ሰማይ አዩ፣ አለፉ። አንዱ ብቻ ቆመና ካርቶኑን በጎን እያየ ጓደኛውን «ይኸ ደግሞ የምን መዋጮ ይሆን?» ብሎ ጠየቀው። ሁለቱም አህያቸውን ሾጥ ሾጥ አድርገው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ደግ ወሬ አምጥቶላቸው አያውቅም።

ያ ጋን ሆመጠጠ። የሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። እማየ የሆመጠጠውን እየደፋች ተረጋግታ ነገረችኝ፤ ተረጋግታ ስትናገር ነው የምታስፈራው።

«ስንዱየ፣ እንዲህ ያለ ቅዳሜ አንድ ደግሜ ካየሁ ቤቱን ለቀበሌ አስረክቤ ኮላ ድባ ወንድሜ ዘንድ እገባለሁ። እቃሽን አዘጋጅ።»

ኮላ ድባን አልሰድብም። እህል የሚታፈስበት አገር ነው፤ አጎቴ በላቸውም ደግ ሰው ነው። ግን እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ? ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ያለው ሜዳ ነው። እኔ እስከማውቀው አንድ ሐውልት የለበትም። ይህ ሁሉ ዕውቀቴ ወባ ሊበላው ነው ማለት ነው።

ስለዚህ እናቴን ለማዳን ቆርጬ ተነሳሁ። ከእኔ ሌላ ማን ሊያድናት ነው? እሷ ጋን እንጂ ፖለቲካ አታውቅ።

የወጣት ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ጓድ አላምረው «ለምርቃቱ ከክፍለ ሀገር እንግዳ ይመጣል፤ የሐውልቱን ትርጉም ቆሞ የሚያብራራ ማነው?» ሲል እጄን አወጣሁ። ሌላው ጫማውን ሲያይ እኔ «በዚህ ከተማ ሐውልት የሚያውቅ እኔ ነኝ» አልሁ። ጓድ አላምረው በጥርጣሬ አየኝና ሌላ እጅ እስኪወጣ ጠበቀ። አልወጣም። ለእኔ ሆነ።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር፤ እንዲያ አድርጌ አብራራለሁ፣ እንግዳው በአድናቆት ይዋጣል፣ «ይህች ወጣት ምን ይደረግላት?» ይላል፣ እኔም «ለራሴ ምንም አልሻም፤ ብቻ የእናቴን ጣሳ መልሱልን» እላለሁ። ይህን ለእማየ ስነግራት ጌሾ እየወቀጠች «ሸጋ ነው» አለችኝ። ሸጋ ነው ያለችበት ድምፅ ልጅ «ትልቅ ስሆን አውሮፕላን እነዳለሁ» ሲል የሚባለው ዓይነት ነበር።

በዚያው ሰሞን ጋሽ አስማረ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ገባ። ቅንድቡ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ከደንበኛ የተረፈ ሳይሆን ደንበኛ ያጣ ጠላ ስለነበረ እማየ ሞልታ ቀዳችለት።

«ችቦው ነው ያስቸገረኝ» አለ። «ብረቱም አለቀ፣ ሲሚንቶውም ሊያልቅ ነው። እንዴት እንደሚሠራም አላውቀው። መልአክ ሰይፍ ነው የሚይዝ። ችቦ ይዞ አይቼ አላውቅ።»

እማየ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ተነሥታ ከጓዳ ያን ወርዶ የተቀመጠውን ረጅም እንጨት ጎትታ አመጣች። «ይኸ አይሆንህም?»

«እንጨቱስ ይሆን ነበር። ራሱሳ?»

«ጣሳዋንም ውሰድ። ጫፉ ላይ ድፋትና በስሱ ለብጣት።»

«ነበልባሉስ?»

«ነበልባሉን ሲሚንቶ ሲመጣ ትቀጥልበታለህ። ሲሚንቶ እንደሁ ለመምጣት አይቸኩል።»

ጋሽ አስማረ ጣሳዋን እያገላበጠ አያት፣ ከዚያ እናቴን አያት፤ ከዚያ ሲሚንቶው ከቅንድቡ እስኪረግፍ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት በእናቴ ሞኝነት ነው።

«እማየ፣ አውርጅ ሲሉሽ አወረድሽ። አሁን ደግሞ በገዛ እጅሽ ትሰጫቸዋለሽ?»

«መዋጮ ነው» አለችኝ። «ሁሉም አዋጥቷል፤ እኔስ ምነው ልቀር? አንች ማብራሪያሽን አጥኝ።»

አጠናሁ። አንዴ ጋኑ ፊት ቆሜ፣ አንዴ ዶሮዎቹን ሰብስቤ። ችግሩ ነበልባሉ ነው። ነበልባል የሌለው ችቦ እንዴት ይብራራል? ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይቆም ነበር። እኔ ግን ብልሃቱን አገኘሁት፤ ሳገኘውም ደስ አለኝ።

የምርቃቱ ቀን ቅዳሜ ዋለ። እናቴ ደግሜ ካየሁት ያለችው ቅዳሜ መሆኑ ነው። ሌሊቱን ጋኑን ስትከፍት፣ ስትቀምስ፣ ስታጠል ሰምቻታለሁ። «ማን ሊጠጣልሽ ነው?» ስላት «ይገኝ ይሆናል» አለችኝ። አሳዘነችኝ። ነጭ ቀሚሴን ለበስሁ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ሄጄ ሐውልቱ ሥር ቆምሁ።

እንግዳው ጓድ ታከለ የሚባል፣ አጭር፣ ጥቁር መነጽሩን ጥላ ውስጥም የማያወልቅ ሰው ነው። ወዛደሩ ከላይ እስከ ታች በነጭ አቡጀዴ ተሸፍኗል፤ ከማን ሱቅ የተረፈ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጓድ ታከለ ገመዱን ሳበ፣ አቡጀዴው ወረደ፣ ወዛደሩ ተገለጠ። መልአካዊ ዓይኑን ወደ ኮሶዬ መንገድ አቅንቶ፣ ቀኝ እጁን ሰቅሎ፣ ረጅም ነገር ይዟል። የረጅሙ ነገር ጫፍ ላይ አጭር ነገር ተደፍቷል።

ጓድ ታከለ ቀና ብሎ አየ። መነጽሩን ገፋ አድርጎ ደግሞ አየ።

«ነበልባሉ የት አለ?» አለ።

ጓድ አላምረው ጋሽ አስማረን አየ። ጋሽ አስማረ ሰማዩን አየ። ሰዓቴ ደረሰ ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣሁ።

«ጓድ፣ ችቦው ነበልባል ያልተደረገለት ነበልባሉ ሕዝቡ ራሱ ስለሆነ ነው» አልሁ። «ሕዝቡ ከችቦው ሥር ሲሰበሰብ ያን ጊዜ ይነድዳል።»

ጓድ ታከለ መነጽሩን መለሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ነበልባሉ ሕዝቡ ነው» አለ ለራሱ፤ አፉ ውስጥ እያገላበጠ እንደሚቀምስ። ጓድ አላምረው ተነፈሰ። አሁን «ይህች ወጣት ምን ይደረግላት» ሊል ነው ብዬ ጣሳችንን ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሱ ፊቱን አዙሮ ባዶውን አደባባይ አየና «ታዲያ ሕዝቡ የታል?» አለ።

እውነትም የት አለ? ካድሬዎቹ፣ ዘበኛው፣ ጥቂት የማኅበሩ ሴቶች፣ አንድ ውሻ። ጓድ አላምረው ላቡን ሲጠርግ አየሁት። አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረው ሰው ይጠብቃሉ።

«አንች ልጅ፣ እዚሁ ሁኝና የሚያልፈውን ሁሉ ወደ ውስጥ ጥሪ» አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

ልክ በዚያን ጊዜ የኮሶዬ ገበሬዎች በመንገዱ መታጠፊያ ብቅ አሉ። ከፊት ያለው አያ ክንዱ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን የሚጠጣ፣ ጢሙ ጠላው ውስጥ እየገባ የሚያስቸግረው ሽማግሌ። ያለፉትን ቅዳሜዎች ሳይገባ ነው ያለፈው። እንደ ልማዱ ቀና አለ። ቆመ። ከኋላ ያሉት አህዮች እርስ በርስ ተጋጩ።

«አያ ክንዱ፣ ግቡ» አልሁት ነጠላዬን እያስተካከልሁ። «ወደ ውስጥ ግቡ፣ ቦታ አለ።»

እኔን አየ፣ ሽቅብ አየ፣ አዳራሹን አየ። «ቤት ቀየራችሁ?»

«አዲሱ አዳራሽ ነው አያ። ሰፊ ነው፤ ሁላችሁንም ይበቃል።»

«ኧረ ሸጋ ነው» አለና አህያውን የሐውልቱ ብረት አጥር ላይ አሰረ። ወደ ኋላ ዞሮ ጓደኞቹን በዱላው ጠራቸው። ማብራሪያዬን እንኳ ልጀምርላቸው አልቻልሁም፤ «ችቦው የዕውቀት» ስል አልፈውኝ ገብተዋል። ከእነሱ ኋላ የሚመጡትም የታሰሩትን አህዮች አይተው፣ ቀና ብለው አይተው፣ ገቡ። እኔ «ግቡ፣ ግቡ» ማለት ብቻ ሆነ ሥራዬ። እንዲህ የሚያሳምን ሰው መሆኔን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር።

አዳራሹ ጢም አለ። ጓድ አላምረው በዕድሜው እንደዚያ ያለ ስብሰባ አይቶ አያውቅም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጓድ ታከለ መነጽሩን አወለቀ። ገበሬዎቹ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ አንዳንዱም ከኩታው ጫፍ የሽምብራ ቆሎ ፈትቶ በጨዋ ደንብ ተቀመጡ። ጓድ አላምረው አቡጀዴውን መተርተር ጀመረ። እኔ የመጨረሻው ወንበር ኋላ ቆሜያለሁ።

«ምነው ዘገየ?» አለ አንዱ ጎልማሳ በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አለው አያ ክንዱ። «ባለቤቱ ገና እየመረቀ ነው። ሰው ሲመርቅ አይቋረጥም።»

«መሃይምነት ይወገዳል» አለ ጓድ አላምረው ከመድረኩ።

«አሜን» አሉ ገበሬዎቹ ባንድ ድምፅ።

ጓድ አላምረው ገበሬዎቹን አንድ በአንድ አየ። «ድህነት ይጠፋል» አለ ጠንቀቅ ብሎ።

«አሜን።»

«ምርታችን ያድጋል።»

«አሜን፣ አሜን። ከአፍህ ይቀበልህ።»

ግድግዳው ላይ ያሉት ጢማም ሥዕሎች እንኳ ደስ ያላቸው መሰለኝ። ጓድ አላምረው እንዲህ ያለ ተቀባይ አግኝቶ ስለማያውቅ ጨምሮ ጨምሮ ተናገረ። ሽምብራው አለቀ። ከውጭ አህዮች ይናፋሉ። በመጨረሻ ጓድ ታከለ ተነሣና «ሰፊው ገበሬ ያለውን አስተያየት ያለ ፍርሃት ይስጥ» አለ።

አያ ክንዱ ተነሣ። ኩታውን ከትከሻው ዝቅ አደረገ።

«ምርቃቱ ሸጋ ነው። እግዜር ይስጥልን» አለ። «ግና ጠላው መች ነው የሚቀዳ? አህዮቻችን ፀሐይ ላይ ናቸው።»

ጓድ ታከለ አንገቱን ብቻ ወደ ጓድ አላምረው አዞረ። ጓድ አላምረው የያዘውን ወረቀት ያገላብጣል። እኔ እናቴንና ኮላ ድባን አንድ ላይ አሰብሁ። አያ ክንዱ ነገር አበላሸብኝ፤ አሁን ጣሳ ማስመለስ ቀርቶ ጋን የያዘ ሁሉ ሊታሰር ነው አልሁ በልቤ።

የጎኑ በር ተከፈተ። እናቴ እንስራ አዝላ ገባች። ከኋላዋ ሁለት ጎረቤቶቻችን ጣሳና ሽክና ታቅፈዋል።

«ይቅርታ ጓዶች፣ ዘገየሁ» አለች ለጥ ብላ እጅ እየነሣች። «ጓድ ሊቀመንበር ለሰፊው ገበሬ ይቀዳ ያሉት የምርቃቱ ጠላ ነው። ወደ ቤት ይሻገራሉ ብዬ እዚያ ስጠብቅ፣ ለካስ እዚህ ገብተዋል።» ይህን ስትል ለቅጽበት እኔን አየችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ጓድ አላምረው ፊት ሁለት መንገድ አለ። ወይ አላዘዝሁም ብሎ ያ ሁሉ ሕዝብ ለምን እንደገባ ለጓድ ታከለ ማስረዳት፣ ወይ ማዘዝ።

«አዝዣለሁ» አለ። ባንድ ቃል ንግግር ሲጨርስ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

ተቀዳ። ጓድ ታከለ አንድ ጣሳ ጠጣ፣ ቀጥሎም አንድ። ጢሙን ጠረገና ተነሥቶ ቆመ፤ የእኔኑ ቃል እንዳለ ደገመው። «ነበልባሉ ሕዝቡ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ አሁን በዓይኔ አየሁ። ሕዝብን ከችቦው ሥር ማሰባሰብ እንዲህ ነው። ይህ ችቦ እንዳለ ይቆይ፤ ማንም እጁን እንዳያስገባበት።»

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ ቢመጣስ ማን ነበልባል ይቀጥላል? ጓድ አላምረው አንድ ሁለቴ ጋሽ አስማረን በጎን ጠርቶ ሲያናግረው አይቻለሁ። ጋሽ አስማረ የጓድ ታከለን ቃል ያስታውሰዋል፤ ጓድ አላምረው ይተወዋል። ቅዳሜ ሲሆን ገበሬዎቹ አህዮቻቸውን ከወዛደሩ ሥር ያስራሉ፣ አዳራሽ ገብተው የፊደሉን ትምህርትና ምርቃቱን ይሰማሉ፣ አሜን ይላሉ፣ ከዚያ አደባባዩን ተሻግረው ወደ እኛ ይመጣሉ። «ከስብሰባው በኋላ ማረፊያው እቴነሽ ቤት ነው» ብሎ የሚያስታውቀው ራሱ ጓድ አላምረው ነው። ይህን ካላለ ስብሰባው አይሞላለትም። እናቴ ኮላ ድባን አፏ ላይ አላነሳችም። ጋን ጨመረች።

እኔስ? እኔ ውለታዬን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ውለታ ደግሞ ካልተናገሩለት እንደ ጠላ ይሆመጥጣል። አንድ ቅዳሜ አያ ክንዱ መደቡ ላይ ተደላድሎ ጢሙን ከጣሳው ሲያወጣ ጠብቄ ጠጋ አልሁት።

«አያ፣ እውነቱን ንገሩኝ። ያን ዕለት ያን ሁሉ ሰው ያስገባው የእኔ ማብራሪያ ነው አይደል?»

«የምን ማብራሪያ?»

«የችቦው ነዋ። ነበልባሉ ሕዝቡ ነው ያልሁት።»

«የምን ችቦ?»

እናቴን አየሁ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አያ ክንዱ በዱላው ወደ በሩ አመለከተኝ። ወጣሁና ማዶ አየሁ። ወዛደሩ በመልአክ ዓይኑ ኮሶዬን እያየ ቆሟል። ዝናብ የሲሚንቶውን ልባጥ ትንሽ አጥቦታል። ከተነሣው እጁ ላይ እንጨት፣ ከእንጨቱ ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ አለች። ጠርዟ ተጨርምቷል።

ተመልሼ በሩ ላይ ቆምሁ። አያ ክንዱ ጣሳውን እንድትሞላለት ወደ እናቴ ዘረጋ።

«እኛስ ጣሳ ተሰቅሎ አየን፣ የባለ ጣሳዋ ልጅ ከሥሩ ቁማ ግቡ አለችን፣ ገባን» አለ። «አንች የጠላ ቤት ልጅ ሁነሽ፣ ሰባተኛ ድረስ ተምረሽ ጣሳ ማንበብ ካልቻልሽ፣ መሠረተ ትምህርቱ ለእኛ ሳይሆን ላንች ነው የሚያስፈልግ።»